የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች እገዳ ፍትሐዊ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ስናይ ወዳጆቼ፣ በተለይ ልጆቻቸው አሜሪካ ሃይስኩል ውስጥ የሚጫወቱላቸው፣ የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። «ያ ልጅ ዛሬ ለምን አልተሰለፈም? ምን አጥፍቶ ነው? ሌላው ያንኑ አጥፍቶ ለምን ይጫወታል?» ይሉኛል። ጥያቄዎቹን ሰብስቤ የማውቀውን መልሻለሁ። ፉትቦል የምለው ሄልሜት ተደርጎ የሚጫወቱትን የአሜሪካኑን ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድን ተጫዋች የማገድ ሥልጣን ያለው ማን ነው?

አምስት እጅ አለበት። አሠልጣኙ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ቡድኑ የታቀፈበት ኮንፈረንስ (ቢግ ቴን፣ ኤስኢሲ የሚባሉት ማኅበራት)፣ በ1906 የተመሠረተውና የኮሌጅ ስፖርትን በአገር ደረጃ የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ፣ እንዲሁም ሜዳ ላይ የቆመው ዳኛ። ሰው ግራ የሚጋባው አምስቱ አንድ የጋራ የቅጣት ሰንጠረዥ ስለሌላቸው ነው።

ከሁሉም ልጓም የሌለው የአሠልጣኙና የዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ነው። በሴፕቴምበር 2009 የኦሪገኑ ለጋሬት ብላውንት ቡድኑ በቦይዚ ስቴት 19 ለ 8 ከተሸነፈ በኋላ አንዱን ተጋጣሚ እዚያው ሜዳ ላይ በቡጢ መታው። አገር በቴሌቪዥን አየው። በማግስቱ «ዘንድሮ ከእንግዲህ አይጫወትም» ተባለ። ኖቬምበር ላይ ያው ዩኒቨርሲቲ ቅጣቱን አነሣለትና ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ሮዝ ቦውል ላይ ተሰለፈ (ቦውል የሚባለው ከመደበኛው የውድድር ዘመን በኋላ የሚደረግ ትልቅ ጨዋታ ነው)። ልጁ መመለሱ አላስከፋኝም፤ ጥፋቱን አምኖ ለተጸጸተ ወጣት መንገድ ሊከፈትለት ይገባል። የከፋኝ የዓመት ቅጣት በአንድ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተቆጣበት ሰዓት መቆረጡ ነው።

በ2014 ደግሞ የፍሎሪዳ ስቴቱ ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ) ጄሚስ ዊንስተን ግቢ ውስጥ ጸያፍ ነገር ጮኾ ተናገረ ተብሎ ከክሌምሰን ጋር ከሚደረገው ጨዋታ ግማሹን ታገደ። ከሁለት ቀን በኋላ እገዳው ሙሉ ጨዋታ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ማጣራቱ ስለቀጠለ ነው አለ። ማጣራቱ ካላለቀ ታዲያ ግማሽ ጨዋታ የሚለው ቁጥር መጀመሪያ ከየት መጣ?

«ኤንሲኤኤ አገደው» ሲባል በትክክል ምን ተደረገ ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን እርምጃ የሚወስደው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ደንብ የተጣሰ ከመሰለው ልጁን «የመጫወት መብት የለውም» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ መብቱ እንዲመለስለት ለኤንሲኤኤ ያመለክታል። የኤንሲኤኤ ሠራተኞች መዝገቡን አይተው መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ይወስናሉ፣ ይግባኙን ደግሞ ኮሚቴ ያያል። ዩኒቨርሲቲው ቸልተኛ ሆኖ ቢያሰልፈውና በኋላ ጥፋት ቢገኝ ቡድኑ ያሸነፋቸው ጨዋታዎች ሊሰረዙበት ይችላሉ። ስለዚህ በጥርጣሬም ቢሆን ማስቀመጡ ይቀለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አመልካቹ ልጁ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ነው። የሁለቱ ጥቅም አንድ በሆነበት ጉዳይ ይህ አይጎዳም። ሲለያይ ግን ልጁ ስለ እሱ ብቻ የሚናገር ሰው የለውም። እኔ ስለ እገዳ ፍትሕ የምለው ሁሉ መነሻው ይኸው ነው። ቅጣቱ መክበዱ ወይም መቅለሉ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ልጁ ተሰምቷል ወይ? የቅጣቱስ ልክ ስሙና የሳምንቱ ተጋጣሚ ሳይታወቅ አስቀድሞ የተቀመጠ ነው ወይ?

ፍጥነቱስ ለሁሉም እኩል ነው?

አይደለም። ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባኩን ካም ኒውተንን ኖቬምበር 30 ቀን 2010 «የመጫወት መብት የለውም» አለው፤ በማግስቱ ዲሴምበር 1 ኤንሲኤኤ መለሰው። አባቱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ መጠየቃቸው ተረጋግጧል፣ ልጁ ማወቁ ግን አልተረጋገጠም ተብሎ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የኤስኢሲ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ልጅ በአባቱ ጥፋት እንዳይቀጣ መደረጉን እደግፋለሁ። አንድ ቀን የፈጀው ግን ዋንጫ ስለነበረ ይመስለኛል።

ከዚህ ጋር የቴዝ ዎከርን አስተያዩ። በ2023 ወደ ኖርዝ ካሮላይና የተዛወረ ተጫዋች ነው። ቀድሞ የተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ የ2020ውን ጨዋታ በኮቪድ ምክንያት ሰርዞበት አንድም ጊዜ ሳይሰለፍለት ወጥቷል። ይህ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ ተዛውረሃል ተብሎ ተከለከለ። አራት ጨዋታ ዳር ቆሞ ካየ በኋላ፣ የክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሳይቀር ገብቶበት፣ ኦክቶበር ላይ ተፈቀደለት። እነዚያን አራት ጨዋታዎች የመለሰለት የለም።

አራት ጨዋታ፣ አምስት ጨዋታ የሚለው ቁጥር ከየት ይመጣል?

ከመቶኛ። የኤንሲኤኤ የቆየ አሠራር ልጁ ያላግባብ ያገኘውን ጥቅም በዶላር ይተምንና ከውድድር ዘመኑ 10፣ 20 ወይም 30 በመቶ ያስቀጣዋል። የመደበኛው ዘመን ጨዋታ 12 ነው፤ ሠላሳ በመቶው 3.6 ሲሆን ወደ ላይ ተጠጋግቶ አራት ይሆናል።

የጆርጂያው ኤ ጄ ግሪን በ2010 አራት ጨዋታ የታገደው በዚህ ስሌት ነው። ጥፋቱ በኢንዲፔንደንስ ቦውል የለበሰውን የራሱን ማሊያ በ1,000 ዶላር መሸጡ ነበር። ገዢው በደንቡ አተረጓጎም እንደ ወኪል የሚቆጠር ሰው ስለሆነ ነገሩ ከበደ። ብሩን ለበጎ አድራጎት እንዲከፍልም ታዘዘ። እሱ በሌለበት ጆርጂያ ከአራቱ ጨዋታ ሦስቱን ተሸነፈ። በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲው መደብር 8 ቁጥር ማሊያ፣ ማለትም የእሱን ቁጥር፣ እየሸጠ ነበር። ላቡ ያረፈበትን ማሊያ መሸጥ ጥፋት፣ ቁጥሩን ፋብሪካ አሳትሞ መሸጥ ንግድ! ይህን ለእናቱ ማን ያስረዳል?

በ2014 ቶድ ገርሊ፣ ያውም እዚያው ጆርጂያ፣ ለፊርማው ከ3,000 ዶላር በላይ ተቀበለ ተብሎ አራት ጨዋታ ተቀመጠ። በኖቬምበር ከኦበርን ጋር በተመለሰበት የመጀመሪያ ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ጉዳቱን እገዳው አመጣው ማለት አይደለም። ነገር ግን ለዚህ ስፖርተኛ አንድ ጨዋታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

አንድ ጨዋታ መታገድ እንዲህ ያን ያህል ከባድ ነው?

በእኛ ኳስ የለመደ ሰው ቀይ ካርድ አይቶ የሚቀጥለውን ጨዋታ ማረፍ ብዙም አይገርመውም፤ በሊግ ከሠላሳ በላይ ጨዋታ አለና። እዚህ 12 ነው። አንዱ ብቻ ከዓመቱ 8 በመቶ በላይ ነው። በቆየው ደንብ ልጁ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ነው የሚፈቀድለት። የፕሮፌሽናል ቡድን መልማዮች ሊያዩት የመጡበት ቀን ከታገደ ያ ቀን አይደገምም።

ኦሃዮ ስቴት አምስት ልጆቹ ታግደው ሳለ እንዴት ትልቁን ጨዋታ ተጫወቱ?

ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚቆጨው ይህ ነው፤ በዝርዝር ልንገራችሁ።

በዲሴምበር 2010 ኳርተርባኩን ቴረል ፕራየርን ጨምሮ አምስት ተጫዋቾች የሻምፒዮንነት ቀለበታቸውን፣ ሌላ ሽልማታቸውን፣ እንዲሁም ሚሺጋንን ሲያሸንፉ የሚሰጣቸውን የሱሪ ቅርጽ ያለው ትንሽ የወርቅ ጌጥ መሸጣቸው ታወቀ። ከፊሎቹ በዋጋ ፈንታ ንቅሳት ተነቅሰዋል። ቅጣቱ አምስት ጨዋታ ሆነ። አራቱ ከላይ የነገርኳችሁ ሠላሳ በመቶ ነው፤ አንዱ ቶሎ ባለማሳወቃቸው የተጨመረ።

ቅጣቱ ግን የሚጀምረው በ2011 ነው ተባለ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2011 ከአርካንሳስ ጋር ሹገር ቦውል ነበረ፤ አምስቱም ተሰልፈው ኦሃዮ ስቴት 31 ለ 26 አሸነፈ። የተሰጠው ምክንያት ልጆቹ ስለ ደንቡ በቂ ትምህርት አልተሰጣቸውም፣ ቦውል ደግሞ ልዩ አጋጣሚ ነው የሚል ነው። ደንቡን ካላወቁ ቅጣቱ ራሱ መቅለል ነበረበት። ካወቁም ከቀጣዩ ጨዋታ መጀመር ነበረበት። ሁለቱም ሳይሆን ቀረ። ስታዲየሙ ሞላ፣ ቴሌቪዥኑ አስተላለፈ፣ ስፖንሰሩ ከፈለ፣ ልጆቹ ከዚያ በኋላ ተቀጡ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። አሠልጣኙ ጂም ትሬሰል ጉዳዩን አስቀድሞ እያወቀ መደበቁ ወጣና በሜይ 2011 ለቀቀ። ፕራየር ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ሲሄድ ሊጉ ያንኑ አምስት ጨዋታ እዚያም አስቀጣው። የ2010 ድሎች በሙሉ ተሰረዙ። በ2012 ቡድኑ 12 ተጫውቶ 12 ቢያሸንፍም ለዋንጫ መቅረብ ተከለከለ፤ ከነዚያ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ቀለበትም ንቅሳትም የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ዝነኛ ተጫዋች ይቀልለታል የሚባለው እውነት ነው?

የጆኒ ማንዜልን ጉዳይ የሚጠቅሱልኝ ብዙ ናቸው። በ2012 ሃይዝማን ዋንጫ (የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት) የወሰደ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኳርተርባክ ነው። በ2013 ብዛት ባላቸው ዕቃዎች ላይ ለነጋዴዎች ፈርሟል ተባለ። ገንዘብ መቀበሉን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ቅጣቱ ከራይስ ጋር የተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻ ሆነ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ገብቶ ተጫወተ። ማስረጃ ከሌለ ግማሽ ጨዋታስ ለምን? ማስረጃ ካለ ደግሞ ግማሽ ብቻ ለምን? ከግሪንና ከገርሊ ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት መልሱ ከደንቡ የተቀዳ አይመስልም፤ በድርድር የተቆረጠ ዋጋ ይመስላል።

እኔ ግን «ዝነኛ ይቀልለታል» የሚለውን እንዳለ አልቀበልም። ግሪንም ገርሊም ዝነኞች ነበሩ። ይልቅ ዝነኛው ጠበቃና ጋዜጠኛ ያገኛል። ስሙ የማይታወቀው ሦስተኛ ተሰላፊ ግን ተቀጥቶ መቀጣቱን እንኳ የሚያወራለት የለም።

አሁን ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዷል። የቀድሞዎቹስ?

ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲያተርፉ ተፈቀደ። በጁን 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው ማካፈል ቻሉ። ትናንት አራት ጨዋታ ያስቀጣ የነበረው ፊርማ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ በር ይፈረማል።

እነ ግሪንና እነ ገርሊ ለታገዱበት ካሳ አላገኙም። የሳዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው (ዩኤስሲ) ሬጂ ቡሽ ያላግባብ ጥቅም ተቀበለ ተብሎ በ2010 የመለሰውን የ2005 ሃይዝማን ዋንጫ በኤፕሪል 2024 መልሰው ሰጡት፤ አሥራ አራት ዓመት አልፎ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። በ2017 በዩቲዩብ ቪዲዮው ገቢ ስላገኘ የሴንትራል ፍሎሪዳ ቡድኑን ያጣው ዶናልድ ደ ላ ሃዬ ያጣው ዓመት የሚመለስ አይደለም።

ለእኛ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ ልጁ በተማሪ ቪዛ፣ በኤፍ-1 የመጣ ከሆነ ኤንሲኤኤ መፍቀዱ ብቻ አይበቃም። የኢሚግሬሽን ሕግ በሥራ የሚገኝ ገቢን ይገድባል። ውል ከመፈረሙ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። የጨዋታ እገዳ ያልፋል፣ ቪዛ ከተበላሸ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ታርጌቲንግ ምንድን ነው? ለምን ከጨዋታ ያስወጣል?

በሄልሜት አናት መግጨት፣ ወይም ራሱን መከላከል የማይችልን ተጫዋች ጭንቅላትና አንገቱ አካባቢ በኃይል መምታት ነው። ቡድኑን 15 ያርድ መሬት ያስቀጣል፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ አጥፊው ይባረራል። ጥፋቱ በሁለተኛው አጋማሽ ከሆነ የሚቀጥለውን ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽ ጭምር እንዲያርፍ ተደርጎ ነበር የተደነገገው። ዓላማውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የልጆች አእምሮ ነው የሚጠበቀው።

ቅሬታው ያለው ልኩ ላይ ነው። ልጁ ሆን ብሎ ይምታ፣ ወይም ተመቺው በድንገት ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱ መንገዱ ላይ ይግባ፣ ቅጣቱ አንድ ነው። በዲሴምበር 28 ቀን 2019 በፊየስታ ቦውል ኦሃዮ ስቴት ክሌምሰንን 16 ለ 0 እየመራ ነበር። ሻውን ዌድ የክሌምሰኑን ኳርተርባክ ትሬቨር ሎውረንስን ሮጦ ጣለው። ሎውረንስ ተነሥቶ ለመቆም ጊዜ ፈጀበት፤ ቪዲዮው ታየ፤ ዌድ ተባረረ። ኳሱ ለክሌምሰን ቀጠለ፣ ወዲያው ጎል ሆነ፣ በመጨረሻም 29 ለ 23 አሸነፉ። ዌድ የሄልሜቱን አናት አስቀድሟል፤ በደንቡ ፊደል ውሳኔው ትክክል ነበር። ሁለት ደረጃ ቢኖረው ግን፣ አንዱ በቸልታ ሌላው በክፋት ለሚፈጸም፣ 15 ያርዱ ብቻ ይበቃው ነበር ባይ ነኝ።

የሉዊዚያና ስቴቱ (ኤልኤስዩ) ዴቪን ዋይት ጉዳይ ደግሞ ይግባኝን አስጀመረ ማለት ይቻላል። በኦክቶበር 2018 ከሚሲሲፒ ስቴት ጋር በሁለተኛው አጋማሽ ተባረረና ከአላባማ ጋር የሚደረገውን የዓመቱን ትልቅ ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽ ማረፍ ነበረበት። ያኔ ይግባኝ የሚባል በር ጨርሶ አልነበረም። ደጋፊዎች በየመንገዱ «ዴቪን ዋይት ይፈታ» የሚል ትልልቅ ማስታወቂያ ሰቀሉ። እሱ ገና ሳይገባ አላባማ 16 ለ 0 መራ፣ 29 ለ 0 ጨረሰ። በ2022 ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ለተባረረ ተጫዋች ኮንፈረንሱ ቪዲዮውን ለብሔራዊው የዳኞች ኃላፊ ልኮ እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅበት መንገድ ተከፈተ። አሁንም ግን ጠያቂው ኮንፈረንሱ ነው፤ ልጁ አይደለም።

ከባድ ወንጀል ተጠርጥሮስ? ሳይፈረድበት መታገድ አለበት?

ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው። በአንድ በኩል ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ነው። በሌላ በኩል ተበደልኩ ያለችው ልጅ እዚያው ግቢ ናት፤ በየቅዳሜው ስሙ ሲጨበጨብለት መስማት አለባት?

በዲሴምበር 2016 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በጾታዊ ጥቃት ክስ አሥር ተጫዋቾች አገደ። ዐቃቤ ሕጉ ክስ አልመሠርትም ብሎ ስለነበር የቡድን ጓደኞቻቸው ተቆጥተው «ሆሊዴይ ቦውልን አንጫወትም» አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የዩኒቨርሲቲውን 80 ገጽ ሪፖርት ካነበቡ በኋላ አድማውን አቆሙ። በኋላ ጉዳያቸው በየግል ሲሰማ ከአሥሩ ከፊሎቹ ነፃ ወጡ፣ ከፊሎቹ ተባረሩ። አሥሩን በአንድ ሙቀጫ መክተት ስህተት እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ይናገራል? ሪፖርቱን ሳያነብ «ጓደኛዬ አያደርገውም» ብሎ መቆምም እንዲሁ ስህተት ነበር። ለጊዜው ከሜዳ ማቆም ተገቢ የሚሆነው ቀጠሮ ሲኖረው ነው። ችሎቱ በዚህ ቀን፣ ውሳኔው በዚህ ቀን ይባልና ሁለቱም ወገን ይሰሙ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በኦገስት 2021 የኤንሲኤኤ ኮሚቴ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች የጾታ ጥቃት ጥቆማዎችን ሳያሳውቁ መቅረታቸውን ራሱ በጽኑ ነቅፎ፣ ይህን የሚቀጣ አንቀጽ ግን በደንቡ የለም አለ። ማሊያ መሸጥን የሚቀጣ አንቀጽ ያለው መጽሐፍ!

ቡድኑ ሲቀጣ ያላጠፋው ተጫዋች ለምን ይቀጣል?

መቀጣት የለበትም። በ1987 ሳዘርን ሜቶዲስት፣ ተጫዋቾች ከደጋፊዎች ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር ተብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ እንዳይጫወት ተፈረደበት፤ 1988ን ራሱ ዩኒቨርሲቲው ሰረዘ። ልጆቹ ወደ ሌላ ቡድን እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው፣ ቡድኑ ግን ወደ ቦውል የተመለሰው በ2009 ነው። ዩኤስሲ በ2010 ሁለት ዓመት ቦውል ሲከለከል ጥፋቱ የ2004 እና የ2005 ነበር፤ ቅጣቱን የተሸከሙት ያኔ ገና ታዳጊዎች የነበሩ ናቸው። አሁን አሠራሩ ተሻሽሏል። በጁላይ 2023 ቴነሲ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲቀጣ የቦውል ክልከላ አልተጨመረበትም። ያጠፋው ተቋም በኪሱ ይክፈል፣ ያ ነው ትክክሉ።

በቁማርና በመድኃኒት የሚመጣው እገዳስ?

ቁማር ላይ ኤንሲኤኤ በጁን 2023 በዶላር የተመነ ሰንጠረዥ አወጣ። በሌሎች ቡድኖች ላይ እስከ 200 ዶላር የተወራረደ ትምህርት ይሰጠዋል፤ ከ800 በላይ ከሆነ እስከ 30 በመቶ ዘመኑን ሊያጣ ይችላል፤ በራሱ ጨዋታ ላይ የተወራረደ ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። ልኩ ቀድሞ መታወቁን እወድለታለሁ። በዚያው ዓመት ግን የአዮዋው ኖህ ሻነን በራሱ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቡድን ላይ በመወራረዱ የመጨረሻ ዓመቱን በሙሉ አጣ። በስልኩ ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት ነው ያደረገው። ልጆቻችሁን ስለዚህ ስልክ አነጋግሯቸው፣ አደራ።

ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት ከተገኘበት አንድ ሙሉ ዓመት ነው። ኤንሲኤኤ ማሪዋናን በጁን 2024 ከዲቪዚዮን አንድ (ከከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር አውጥቷል።

አሠልጣኞችም እንዲሁ ይታገዳሉ?

ይታገዳሉ፣ ግን እኩል አይመዘንም። የሚሺጋኑ ዋና አሠልጣኝ ጂም ሃርባው በ2023 ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ጨዋታ ታግዷል። የሁለተኛውን ቢግ ቴን የወሰነው ኖቬምበር 10 ነው፤ የፔን ስቴት ጨዋታ በማግስቱ ነበር። በሳምንቱ ልምምድ ግን እንዲገኝ ተፈቅዶለታል፣ ሚሺጋንም ዋንጫውን ወሰደ። ጨዋታ ለአሠልጣኝ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። ለተጫዋች ሁሉ ነገሩ ነው።

ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል?

ይቻላል። ግን በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኙ ታርካኒያን ከኤንሲኤኤ ጋር በተካሰሰበት ጉዳይ 5 ለ 4 ኤንሲኤኤ መንግሥት አይደለም ስላለ በሕገ መንግሥቱ የመሰማት መብት በቀጥታ መክሰስ አይቻልም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን መንግሥት ነው፤ በእሱ በኩል መንገድ አለ። ሌላው እንቅፋት ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ ሰጥቶ ልጁ ከተጫወተና እግዱ በኋላ ከተነሣ ዩኒቨርሲቲው ድሎቹን ሊያጣ መቻሉ ነው። ስለዚህ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ልጁ ቢፈቀድለትም ለማሰለፍ ይፈራል።

ልጄ ቢታገድ ምን ላድርግ?

በእኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ከ2021 በፊት ነው። የእህቴ ልጅ በክረምት ሠፈር ውስጥ ሕፃናት ሲያሠለጥን አዘጋጆቹ ስሙንና ፎቶውን በማስታወቂያ ወረቀት ላይ አወጡት፤ ያኔ ያ ክልክል ነበር። ደብዳቤው ዓርብ ከሰዓት መጣ። እህቴ ከረከቦቱ አጠገብ ዘርግታ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሁለት አንቀጽ ነው፤ «በደንብ መተላለፍ ምክንያት ሁለት ጨዋታ» ይላል። የቱ ደንብ እንደሆነ አይልም። የይግባኙ ቀነ ገደብ ከታች፣ ከፊርማው በላይ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ ሦስት የሥራ ቀን። ልጁ «ተዪው እማዬ፣ አሠልጣኙ ይቀየመኛል» አላት። ይግባኝ ሳይባል ቀረ፤ ሁለቱም ጨዋታዎች አለፉ። ዛሬም ያን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ከዚያ የተማርነው ይህ ነው። የተጣሰው አንቀጽ በጽሑፍ ይሰጠን በሉ። ቀነ ገደቡን መጀመሪያ አንብቡ። የስፖርት ክፍሉ የደንብ ኃላፊ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን የሚያገለግለው ዩኒቨርሲቲውን ነው፤ ልጃችሁ ሳይዘጋጅ ብቻውን ገብቶ እንዳይናገር። ውሸት ግን በፍጹም አይናገር፦ በ2009 የኦክላሆማ ስቴቱ ዴዝ ብራያንት ከቀድሞው የኤንኤፍኤል ኮከብ ከዲዮን ሳንደርስ ጋር ስላለው ግንኙነት ለመርማሪዎች እውነቱን ሳይናገር በመቅረቱ ከዓመቱ የቀረውን አጣ፤ ግንኙነቱ ራሱ ግን ያን ያህል ጥፋት አልነበረም። ደግሞም ልጁ 18 ዓመት ከሞላው፣ ወይም ኮሌጅ ከገባ፣ ዩኒቨርሲቲው ያለ እሱ ፈቃድ መዝገቡን ላያሳያችሁ ይችላል። ፌርፓ የሚባለው ሕግ ነው። ከተጣላችሁ በኋላ ሳይሆን መጀመሪያ ዓመት ሲገባ የፈቃድ ቅጹን ያስፈርሙት።

ታግዶ ሳለ ስኮላርሺፑ ይቋረጣል? ልምምድስ?

በአብዛኛው የጨዋታ እገዳ ልምምድ አይከለክልም። ስኮላርሺፑም ወዲያው አይቋረጥም። የመጫወት መብቱን በራሱ ጥፋት ካጣ ወይም በዩኒቨርሲቲው የሥነ ሥርዓት አካል ከተቀጣ ግን ሊቀነስ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ያኔ ልጁ ከስፖርት ክፍሉ ውጭ ባለ አካል ፊት የመሰማት መብት አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ይህን መብቱን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ደብዳቤው ሲመጣ ያን መስመር ፈልጉት።